በሽተኛዋ እንዳትሰማ

እኛ ከበሽታው ይልቅ የበሽታውን ስም እንፈራለን። ሰው ይታመማል፣ ሆስፒታል ይገባል፣ ሐኪሙ መርምሮ ይጨርስና አፉን ሊከፍት ሲል ከዘመዶቹ አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ወፈር ያለው፣ ክርኑን ይዞ ወደ ኮሪደር ያወጣዋል። «ዶክተር፣ አንዴ ውጭ እንነጋገር።» ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ኮሪደሩ ላይ ይለቀሳል፤ ፊት ይታጠባል፤ ፈገግ ተብሎ ይገባና ከበሽተኛው እግር ስር ቁጭ ተብሎ «ትንሽ ጨጓራ ነው አሉ» ይባላል። በሽተኛውም «እኔስ ምን አልኩ!» ይላል። ጨጓራ በእኛ ዘንድ ያልተሸከመው በሽታ የለም።

እኔ ይህን ልማድ ስተች የኖርኩ ሰው ነኝ። አሜሪካ ከገባሁ በኋላማ ትችቴ ጭራሽ ባሰበት። እዚህ ሐኪሙ ዓይን ዓይንህን እያየ ያለብህን ነገር በስሙ ጠርቶ ይነግርሃል፤ ደግሞስ ገላው የማን ሆነና ነው ከባለቤቱ የሚደበቀው፣ እያልኩ በየሰርጉና በየሰደቃው ሰው ሳሰለች ከርሜያለሁ። ሰዎቹም አንገታቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኛል፤ ሥጋቸውን እየበሉ። እንግዲህ ይህ ሰባኪ ባለፈው ጸደይ ድመት ሐኪም ቤት ገብቶ ምን እንዳደረገ ላጫውታችሁ።

ድመቷ ቁንዶ ትባላለች። ልጄ ሰሚራ ትንሽ ሆና ከእንስሳት መጠለያ ስታመጣት «ፔፐር» ብላት ነበር። ኋላ የሚስቴ የሀያት እናት፣ እማማ ዘይነብ፣ ከኮምቦልቻ መጥተው አብረውን መኖር ሲጀምሩ ትርጉሙን ጠየቁ፤ ቁንዶ በርበሬ ማለት ነው ተባሉ፤ «እንግዲያው ቁንዶ በሏታ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ድመቷ ባለሁለት ስም ሆና በሁለቱም ስትጠራ አትዞርም። ድመት ናታ።

ይቺ ቁንዶ መብላት አቆመች። በመጀመሪያ ምግብ መረጠች ብለን ሌላ ገዛን። ቀጥሎ ሙቀት ነው አልን፤ በሲያትል ጸደይ ሙቀት ይባላል? ጀርባዋን ስንዳብሳት አጥንቷ በእጃችን መቆጠር ሲጀምር ግን እኔና ሰሚራ በሳጥኗ ከተን ወሰድናት። ደም ተቀዳ፣ ሆዷ በማሽን ታየ፣ ናሙና ተላከ፣ ውጤቱ ደርሷል ተብለን ተመልሰን ሄድን። ሐኪሟ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ረጋ ያለች ሴት ናት። ቁንዶ ጠረጴዛው ላይ በሰሚራ ሹራብ ተጠቅልላ፣ ጆሮዋን አቅንታ ተኝታለች። ሐኪሟ «በጣም አዝናለሁ፣ ያገኘነው ነገር...» ብላ ስትጀምር፣ እኔ ሳላስበው እጄ ተነስቶ ክርኗን ያዘ።

«ዶክተር፣ አንዴ ውጭ እንነጋገር» አልኳት።

ሐኪሟ ወደ ሰሚራ ተመለከተች። ከልጅቷ ለመሸሸግ መስሏት ነው፤ እንዲህ ያለ አባት አይታ ታውቅ ይሆናል። ሰሚራ ግን ታውቀኛለች።

«ዳድ፣ ሲሪየስሊ? ፔፐር እንዳትሰማ ነው?»

ምን ልበላት? አዎ፣ ፔፐር እንዳትሰማ ነው። እያወቅሁ፣ እያፈርኩ፣ ወጣሁ። ፊቷን እያየሁ ያን ቃል መስማት አልቻልኩም፤ እውነቱ ይኸው ነው። ሐኪሟም፣ አላህ ይስጣት፣ ተከተለችኝ፤ ኮሪደሩ ላይ፣ የውሻ ምግብ በተደረደረበት መደርደሪያ ሥር ቆመን ነገረችኝ።

ካንሰር ነው። አንጀቷ ላይ ነው፤ ዓይነቱም የሚቸኩለው ዓይነት ነው። ሁለት መንገድ አለ አለች። አንደኛው ማከም ነው፦ ኪሞ፣ በየሳምንቱ እየተመላለሱ መርፌ፣ ምግብ አልወርድ ካላትም በአንገቷ በኩል የሚገባ ቀጭን ቱቦ። ከያዘላት ወራት ታገኛለች፤ ካልያዘላት የቀራትን ዕድሜ ሐኪም ቤት ስትመላለስ ትጨርሰዋለች። ሁለተኛው ማስታመም ነው፦ ሕመሙን የሚያስታግስና የምግብ ፍላጎቷን የሚከፍት ክኒን እየሰጡ ቤቷ ማቆየት። ሳምንታት ቢሆን ነው። «የትኛው ይሻላል?» ብዬ ጠየቅኋት። «ሁለቱም ስህተት አይደሉም፤ እስከ ዓርብ አስቡበትና ደውሉልኝ» አለችኝ።

እንዲህ ያለ መልስ ደርሷችሁ ያውቃል? እንደ እኔ ላለ ጭንቀታም ከዚህ የከፋ መልስ የለም። አንዱ ስህተት ቢሆን ኖሮ እንዴት ባረፍኩ! እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ልጆች ከኋላዬ አስቀምጬ፣ በመስታወቱ እያየኋቸው፣ አንዱ ቀበቶውን ፈታ፣ አንዷ ተነሳች እያልኩ የምውል ሰው ነኝ፤ መጨነቅ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሥራዬ ነው። ሆኖም አውቶቡሱ መስመር አለው። ቀይ ሲበራ ይቆማል፣ አረንጓዴ ሲበራ ይሄዳል። ሐኪሟ ሁለቱንም አብርታ ሰጠችኝ።

ስካይዌይ፣ ቤታችን፣ ስንደርስ ሀያትን ጋራዥ ውስጥ አስገብተን ነገርናት። ለምን ጋራዥ? እማማ ዘይነብ እንዳይሰሙ ነዋ! ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ገና ሳይነጋ ወደ አውቶቡሴ እሄዳለሁ፤ ሀያት ሾርላይን ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ሰሚራ ትምህርት ቤት ናት። ቀኑን ሙሉ ቤቱ የእማማና የቁንዶ ነው። እማማ ሲሰግዱ ቁንዶ የመስገጃው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ሲጨርሱ ጭናቸው ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ ወሬ ይጀመራል። በመስኮቱ የሚያዩትን ሁሉ ይነግሯታል፦ ፖስታ አመላላሹ ዛሬ ሌላ ሰው ነው፣ የጎረቤታችን ሚስት ምንጣፍ አወጣች፣ ይኸው ደግሞ ሊዘንብ ነው። በዚህ ሀገር ሙሉ ቀን አማርኛ የሚያዳምጣቸው ከቁንዶ በቀር ማንም የለም። «እማ ግፊት አለባት» አለች ሀያት፤ «እስክንወስን እንዳትሰማ።» እኔም፣ ያ ሰባኪ፣ ወዲያው ተስማማሁ። ሁለት በሽተኛ አበጅተን ከሁለቱም ደበቅን ማለት ነው።

መወሰኑ ግን እንቢ አለ። ሰሚራ ገና ከመጀመሪያው «ትሪት እናድርጋት» ብላ ተነሳች፤ ሕክምና እያለ የሚቀመጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብላ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ሀያት በሥራዋ ስንቱን ቱቦ አይታለች፤ «ትሰቃያለች፣ ቤቷ ብትሆን አይሻልም?» ትላለች፤ ግን ይህን ብላ ሳትጨርስ «ብንሞክርላትስ?» ትላለች። እኔ ጠዋት አውቶቡሱን ሳስነሳ አሳካሚ ነኝ፤ የመጀመሪያዎቹን ልጆች ስጭን አስታማሚ ነኝ፤ መገናኛው መብራት ላይ ስደርስ ቁንዶ በሳጥኗ ውስጥ ሆና በመንገድ ሁሉ ስትጮህ ይታየኝና የለም ቤቷ ትሁን እላለሁ፤ ልጆቹን አውርጄ ባዶውን አውቶቡስ ይዤ ስመለስ ደግሞ ወራት እኮ ነው፣ ወራት ለድመት ስንት ነው፣ ከእጄ ያወጣሁት እኔ ብሆንስ እላለሁ። ምሳ አይወርድልኝም። ከቁንዶ ጋር አብረን ከሳን።

ሐኪሟን ደግሜ ላነጋግራት ፈልጌ የከሰዓቱን መስመር እንዲይዝልኝ ለሥራ ባልደረባዬ ለኑሩ ደወልኩለት። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው።

«ሶ ምን ሆንክ?» አለኝ።

«ቤት ሰው ታሞብኝ ነው» አልኩት። ድመት ታማብኝ ነው የሚል ቃል ካፌ አልወጣም። እስቲ እናንተ በሉት! ወንድሙ ኢትዮጵያ ታሞ የሚያሳክምበት ላጣ ሰው፣ ድመቴን ኪሞ ላስጀምራት ወይስ አላስጀምራት ጨንቆኝ ነው በሉት።

«እማማ ናቸው?»

«አይ... እንዲሁ ነው። ዱዓ አድርግልን» አልኩና ዘጋሁት።

«እንዲሁ ነው» በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ መቼም አትጠይቁኝም። ኑሩ ለሚስቱ ነገራት፤ ሚስቱ ለጀመዓው አዳረሰችው። በማግስቱ ከሥራ በኋላ የቤታችን በር ተንኳኳ፤ ስከፍተው ኑሩና ሚስቱ ድስት ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ሌላ መኪና ፓርክ እያደረገ ነው። ከዚያ ሌላ። ሾርባ መጣ፣ ብርቱካን መጣ፣ ማር መጣ፣ የተቀቀለ ዶሮ መጣ። ሐጂ ይማም ሳይቀሩ ከታኮማ ድረስ ያንን ሁሉ የመኪና መጨናነቅ አልፈው መጡ። እማማ ዘይነብን ከብበው ተቀመጡ። እማማ ደህና ናቸው፤ ፊታቸው ወዝቷል፤ ነጠላቸውን አስተካክለው «ምነው ዛሬ ደግሞ?» አሉ።

«እንዲያው ናፍቀውን ነው» አሉ ሁሉም፤ ቀድሞ የተማከሩ ይመስል።

ተመልከቱልኝ እንግዲህ! ከመካከላቸው አንዱ እንኳ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ቢል ነገሩ እዚያው ተስቆበት ያልቅ ነበር። ግን ማን ይላል? በሽተኛ ፊት በሽታ አይነሳም። ደግ ሰው ሁሉ አፉን ዘጋ፤ አፉን በዘጋ ቁጥር ስህተቴ እየደደረ ሄደ። የኑሩ ሚስት እጄን ጨብጣ «አብሽር» ስትለኝ ጉዱ ገባኝ። ያን ጊዜ ብድግ ብዬ «ጎበዝ፣ የታመመችው ድመቷ ናት» ማለት ነበረብኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ድስት አየሁ፣ ከታኮማ የመጡትን ሽማግሌ አየሁ፣ ብርቱካን መላጥ ጀመርኩ። እውነተኛዋ በሽተኛ እማማ ጭን ላይ ተጋድማ የሰው ሁሉ እጅ ያሻሻታል። ሐጂ ይማም ረዘም ያለ ዱዓ አድርገው ሲያበቁ ቁንዶን ደባበሱና «ይቺ ድመት ከስታለች፤ አትመግቧትም እንዴ?» አሉ። ሰሚራ ይህን ስትሰማ እያለቀሰች ወደ ክፍሏ ሮጠች። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሴቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ?

በነጋታው የጠዋት ሥራዬን ጨርሼ ስመለስ እማማ ዘይነብ ለብሰው በር ላይ ይጠብቁኛል።

«ከማል፣ እስቲ ወደ ውሃው ውሰደኝ።»

ሬኒየር ቢች ወረድን። ሐይቁ ዳር አቆምኩ። ሰማዩ እንደልማዱ ተደፍቷል፤ አንዲት ሴት ውሻዋን ይዛ ታልፋለች። እማማ ከመኪናው አልወረዱም። ቀበቶአቸውን እንደታጠቁ ውሃውን እያዩ ቆዩና «እኔ አልፈራም» አሉ።

«ምኑን?»

«ተወው ልጄ። እኔም ስንቱን ስደብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አደባበቁን አውቀዋለሁ። ሀያት ጋራዥ ውስጥ ስታለቅስ ልብስ ከማጠቢያው ላወጣ ስመጣ ሰማኋት። ስለ መርፌና ስለ ቱቦ ስታወሩ፣ ትሰቃያለች፣ ቤቷ ብትሆን አይሻልም ስትልህ። ይማም ደግሞ ከታኮማ ድረስ መጥቶ ናፈቅሽኝ አለኝ። ይማም በዒድ እንኳ የማይደውል ሰው ነው! ባለፈው የቀዱኝን ደም ውጤቱን ብጠይቃችሁ ደህና ነው አላችሁ። ጨጓራ እንኳ አላላችሁኝም። ያን ጊዜ ነው የጠረጠርኩት።»

ልናገር ስል እጃቸውን አነሱ።

«ስማኝ። ይህን ለሀያት መናገር አልችልም፤ እሷም መስማት አትችልም። አንተ ግን፣ ጨካኝ ባትሆንም፣ ትችለዋለህ። ቱቦ አልፈልግም። ያ በየሳምንቱ ሰው የሚያስመልሰውን መርፌም አልፈልግም። የምበላው ካማረኝ ስጡኝ፤ ካላማረኝ አፌ ላይ ማንኪያ ይዛችሁ አትቁሙብኝ። መስኮቴ አጠገብ አድርጉኝ። ብቻዬን አትተዉኝ፤ ሰው መጣ ብላችሁም በር ዘግታችሁ አትንሾካሾኩብኝ። የሚብሰው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ አላህ ያውቃል።»

ይህን ሁሉ ሲሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። አንድ ሰው ለሞቱ እንዲህ ተሰናድቶ ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም፤ አባቴን ሳስታምም እንኳ አልሰማሁም፤ ማን ጠይቆት?

«እማማ» አልኳቸው፣ «አንቱ ደህና ነዎት። ደሙም ደህና ነው፤ ወላሂ ደህና ነው።»

«እሺ» አሉ፤ ትከሻዬን ቸብ ቸብ እያደረጉ። ያጽናኑኛል!

አያችሁ መከራዬን? ለበሽተኛ የሚባለው ይኸው ነው፤ ለጤነኛም የሚባለው ይኸው ነው። በእንዲህ ዓይነት ልማድ ውስጥ ያደገ ሰው እውነቱን ቢነግሩት በምን ይለየዋል? ማልኩ። ደጋግሜ ማልኩ። በማልኩ ቁጥር የቀራቸው ዕድሜ እያጠረ የሚሄድ መሰላቸው። በመጨረሻ ምርጫ ሳጣ አፈረጥኩት።

«የታመመችው ቁንዶ ናት! ሀያት ያለቀሰችው ለቁንዶ ነው። ኪሞውም ቱቦውም ለቁንዶ ነው። ኑሩ ሰው ታመመ ስለው አንቱ መሰሉት።»

ሊስቁ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ራሴ ለመሳቅ ከንፈሬን አዘጋጅቼ ነበር።

«ቁንዶ?» አሉ። «ትናንት ያን የመጣውን ዶሮ ቆራርጬ ብሰጣት አሽትታ ተወችው። ውሃውንም እንዲሁ...» ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አነሱና አለቀሱ። ለራሳቸው አንዲት ጠብታ ያላወጡ ሴት፣ ስለ ቱቦና ስለ አልጋ እንደ ገበያ ዕቃ ሲያዙኝ የነበሩ ሴት፣ ለድመቷ ትከሻቸው እስኪርገበገብ አለቀሱ። እኔም ያ ሁሉ ቀን የተጠራቀመብኝ ነበርና አብሬ አለቀስኩ። ውሻ የምታዞረው ሴት በመስኮቱ አየት አድርጋን ፍጥነቷን ጨመረች።

አልቅሰው ሲያበቁ ነጠላቸውን መለሱና ቆጣ አሉ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? አሳክሟታ!»

«አሁን ለራስዎ ያሉኝስ?»

«እሱ የኔ ነው። እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ፤ እሷ ምን አየች? ንዳው!»

ነዳሁ። መንገድ ላይ «ያልኩህን ደግሞ ለሀያት ትነግርና!» አሉኝ። አልናገርም አልኩ።

አመሻሹ ላይ ሰሚራም ሀያትም ሲገቡ እማማ ሳሎን ውስጥ፣ በግላጭ፣ ቁንዶን ጭናቸው ላይ እንዳስተኙ «ሁሉን ሰምቻለሁ፤ ጋራዥ መግባት ቀርቷል፤ ትታከማለች» ብለው አወጁ። ሰሚራ ዘልላ አቀፈቻቸው። ሀያት እኔን አየች። ነገ ዓርብ ነው፤ ሐኪሟ ስልክ ትጠብቃለች፤ ድምፅ ከተቆጠረ ደግሞ ሕክምናው ሊያሸንፍ ነው። እኔ የማውቀውን እንዳልናገር ቃሌ አስሮኛል፤ ዝም ብል ደግሞ ያቺን ምስኪን በሳጥን ጭኜ ልወስዳት ነው። በዚያች ደቂቃ የነበረኝን ጭንቀት ለጠላቴም አልመኘው። እንዲያው እንደ ዘበት አስመስዬ «ሰሚራ፣ እስቲ ሕክምናው እንዴት እንደሚሰጥ ለአያትሽ ንገሪያቸው» አልኩ።

ሰሚራ በተሰባበረው አማርኛዋ ነገረቻቸው። በየሳምንቱ በመኪና ትወስዷታላችሁ። እነሱ ወደ ውስጥ ያስገቧታል፤ መርፌው ቀስ እያለ ነው የሚገባው፤ ግማሽ ቀን ልትቆይ ትችላለች። ቱቦ ካስፈለጋት ደግሞ እዚያ ታድራለች።

«እኔ እይዛታለሁ» አሉ እማማ።

«አይ፣ አያቴ፣ ወደ ውስጥ ሰው አያስገቡም።»

«ማን ይሆናል ታዲያ ከሷ ጋር?»

«ነርሶቹ። በጣም ናይስ ናቸው።»

«አማርኛ አይችሉም» አሉ እማማ። ቀልድ አልነበረም፤ ማናችንም አልሳቅንም። ቁንዶን ከጆሮዋ ጀምረው እስከ ጭራዋ ቀስ ብለው አሻሿት። «ብቻዋን ማለት ነው።»

«ለትንሽ ሰዓት ነው እኮ» አለች ሰሚራ፤ ድምፅዋ ግን ወርዷል።

እማማ ዓይናቸውን አንስተው ወደ እኔ አዩ። ሐይቁ ዳር ያሉኝን ሁሉ አንድ በአንድ እንዳስታወሱት ገባኝ፤ እኔም እንዳልረሳሁት ገባቸው። ከዚያ «አይሆንም፤ ቤቷ ትሁን» አሉ።

ሰሚራ «ልንተዋት ነው?» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ማን ይተዋታል? ማስታመም መተው መሰለሽ እንዴ? ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ። ሐኪም እጁን ታጥቦ ይሄዳል፤ አስታማሚ የት ይሄዳል?»

ዓርብ ደወልኩ። ሐኪሟ ክኒኖቹን አዘጋጀችልን፤ ሕመሙ የባሰ ዕለት ደውሉልኝ፣ ራሴ ቤታችሁ እመጣለሁ አለችን። እማማ ዘይነብም ያንን ሰውን የማስታመም ሙያ፣ በዚህ ሀገር መሥሪያ አጥቶ የቆየውን፣ ከነሙሉ ክብሩ አወጡት። ተራ ተደለደለ። ክኒኑን የምትሰጠው ሰሚራ ናት፤ በዶሮ ጉበት ሸፍና፣ እያባበለች። መረቁን የሚያጠሉት እማማ ናቸው። ሀያት ፎጣ እያሞቀች ታለብሳታለች። እኔ መስኮቱ ጋ ያለውን ወንበር ትራስ ደራርቤ ከፍ አደረግሁላት፤ ቀላሉ ሥራ ለኔ ደረሰኝ። ከመብላት ስትለግም ማንኪያ አልተደቀነባትም። በጣም የሚገርመው ግን ሁሉም ነገር እፊቷ ይወራ ነበር፤ ዛሬ ደከመች፣ ዛሬ ተሻላት፣ እግሯ ከዳት፣ እያልን፣ እየሰማች። ለኑሩም ነገሩን በስልክ አስረዳሁት። ሰምቶ ሲጨርስ «ኦኬ፣ ድስቱን ግን መልስልኝ» አለኝ።

ሳምንታቱ እንደተባለው ሳምንታት ሆኑ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እማማ ስለ ጎረቤቱ አዲስ አጥር ሲነግሯት አረፈች። ሐኪሟን መጥራት አላስፈለገንም። ጓሮው ጥግ ካለው ጥድ ሥር ቀበርናት፤ ሰሚራ ቆፈረች፤ ማንም አላገዛትም፤ አልፈቀደችም።

እዚህ ላይ ጭንቀቴ ያበቃል ብዬ ነበር። የድመቷ አበቃ። የእማማ ግን ደረቴ ላይ ቀረ። ጤነኛ ናቸው፤ ከእኔ ይበልጥ ጤነኛ ናቸው። ቢሆንም እኔ ባላውቀው የምመርጠውን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ልጃቸው አታውቅም። የገባሁት ቃል ስለ በሽታው ነበር ወይስ ስለ ኑዛዜው? በሽታው ከሌለ ቃሉስ አለ? አውቶቡሱን ስነዳ ይህን ሳመላልስ እውላለሁ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ጥሩምባ እየተነፋብኝ።

ባለፈው እሑድ ሀያት ልብስ ስታጣጥፍ ከሥራ ቦታዋ ያጋጠማትን ነገረችኝ። አንድ አዛውንት አንደበታቸው ተይዟል፤ ልጆቻቸው አልጋው ዙሪያ ቆመው አንዱ ይደረግላቸው፣ አንዱ አይደረግላቸው እያሉ ይጣላሉ። ሽማግሌው አንደኛቸውን ከሌላኛቸው እያፈራረቁ ያያሉ። በደህናው ቀን የጠየቃቸው የለም።

«እማን እኮ አንድ ቀን መጠየቅ አለብን» አለች፤ የእናቷን ነጠላ በእጇ ይዛ። «ግን ማን አፍ አውጥቶ ይጠይቃታል? አንተ ትችላለህ?»

እማማ ከሳሎን ድምፃቸው ይሰማል፤ ለሰሚራ የሆነ ነገር ይተርካሉ። በሩን ልዘጋው እጄን ሰደድኩና ተውኩት። ክፍት ይሁን አልኩ።

«ተቀመጪ» አልኳት።

እኛ ዘንድ ሰው ተቀመጪ የሚባለው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሀያት ፊቷ አመድ መሰለ፤ ነጠላው ከእጇ ወደቀ።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «ለዚህ እኮ ነው ዛሬ የምነግርሽ።»